የአያ ደሴ ሞተር ቆብ

ሰው ትዝታውን ሲጽፍ ደስ የሚል ሽታ ይፈልጋል። አንዱ የእናቱን ጓዳ፣ ሌላው የመጀመሪያ ዝናብ የመታውን አፈር ሸተተኝ ብሎ ይጀምራል። የእኔ ትዝታ የሚሸተው ያልነደደ ቤንዚን ነው። አፍንጫ ገብቶ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉ የበሉትን ሁሉ የሚያበላሽ ሽታ። ዕድሜዬን በሞተር ሳይክል ጥገና ጨርሼ እንኳ አልለመድሁትም፤ ዛሬም ሲሸተኝ ያቅለሸልሸኛል። ደግሞ ሽታው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። አንድ የፈረምሁት ወረቀት አለ፤ ሽታው በመጣ ቁጥር ወረቀቱ አብሮት ይመጣል፣ ያኔ የምጠየፈው ቤንዚኑን ሳይሆን ራሴን ነው።

ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በአንድ ጧት፣ ቁስቋም ካለው ቤቴ ደጃፍ ተቀምጬ ፀሐይ ስሞቅ ያ ሽታ መጣ። መጀመሪያ ሽታው፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ፣ በመጨረሻ ዳገቱን እያሳለ የሚንፏቀቅ አሮጌ ሞተር፤ ከላዩ ላይ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ቄስ ተቀምጠዋል። በደብራችን የሚያገለግሉት ቄስ ሐዲስ ናቸው። ሞተሩ እኔ በር ላይ ሲደርስ ጠፋ፤ ሆን ብሎ የመጣ ነው የሚመስለው።

«አያ ጌታሁን፣ እንዴት አደሩ?»

«ይመስገን አባ። ይህ ነገር ምነው እንዲህ ያጨሳል?»

«ሦስት ሰው አይቶልኛል። አንዱ ካንዴላውን ቀየረው። አንዱ ካርቡራተሩን እንዳለ ቀየረው። ሦስተኛው ሞተሩ ይውረድና ይከፈት አለ። እኔ ደግሞ ቅዳሜ አምባ ጊዮርጊስ መድረስ አለብኝ፤ የአጎቴ ሙት ዓመት ነው።»

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። የዛሬ ሜካኒክ የሚያውቀው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «ይቀየር»። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ የተባለው ለእነሱ ነው። ቤንዚን የበዛበት ሞተር እኮ ራሱ ይናገራል። ጭሱ ጥቁር ነው፣ ዳገት ላይ ይደክማል፣ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትተህ ስታየው የድስት ቂጥ ይመስላል። የሚቀረው መጠየቅ ነው፤ መቼ ያጨሳል፣ የት ያጨሳል፣ ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ፣ ቆላ ነው ደጋ። ካንዴላውን ፈታሁት፤ ጥቁር ነው። አልጠረግሁትም፤ ለምን እንዳልጠረግሁት ኋላ ትሰማላችሁ። ቄሱን ጠየቅኋቸው። ጧት ሲነሳ ደህና ነው፣ ከሞቀ በኋላ ነው የሚታፈነው አሉ። እንግዲህ ጧት ሲነሳ የሚያስፈልገው ነገር ከሞቀ በኋላም አልለቀቀውም ማለት ነው። ቾኩን አየሁ። ቾክ በብርድ ጊዜ የአየሩን መንገድ ዘጋ አድርጎ ቤንዚኑን የሚያበዛ ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ መመለስ አለበት። የቾኩ ሽቦ ዝጎ ከመሪው ሥር ተይዟል፤ ቄሱ ሲመልሱት እጀታው ብቻ ነው የሚመለሰው፣ ታች ያለው እንደተዘጋ ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ቢቀየር፣ ካንዴላ ቢቀየር፣ የተያዘውን ሽቦ ካልነኩት ምን ዋጋ አለው። ዘይት ጠብ አድርጌ ሳብ ለቀቅ አደረግሁት። ሻይ ፈልቶ ሳይወርድ ሞተሩ ጉሮሮው ጠራ።

«አጎትዎ ማን ነበሩ?» አልኋቸው እጄን እየጠረግሁ፣ ለወሬ ያህል።

«አያ ደሴ። የከብት ከታቢው። እርስዎ አያውቁትም፤ ድሮ ነው ሥራውን የተወው።»

አውቀዋለሁ። ሥራውን የተወው እሱ አይደለም፤ ያስተወው እኔ ነኝ። ለቄሱ ግን ይህን አላልሁም። «ቅዳሜ አብሬዎት ልውጣ፤ ሞተሩ መንገድ ላይ ቢያስቸግርዎት» አልሁ። ለምን እንዳልሁት ዛሬም በደንብ አላውቅም።

ያን ወረቀት በፈረምሁበት ዘመን ጋራዣችን ፒያሳ፣ ጣሊያን ከሠራው ሲኒማ ቤት ወረድ ብሎ ነበር። የዕድሜ እኩዮቼ ያን ዘመን ሲያነሡ ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ሻይ ከነዳቦው በስሙኒ ነበር ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ዳቦው ግን እንጨት ነበር። ሱሪያችን ከጉልበት በታች ሰፊ ነበር ይላሉ፤ እኔ ያን ሱሪ ለብሼ ሞተር ሳስነሳ ጠርዙ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ስንት ጊዜ እንደወደቅሁ አያውቁም። ማዶ ያለው ሙዚቃ ቤት ጧት የከፈተውን አንድ ካሴት ሲመሽ ሳይቀይር ይዘጋል፤ ያ ዘፋኝ ፍቅረኛውን በቀን አርባ ጊዜ ይለምናት ነበር፤ እሷን ብሆን እኔም አልመለስም። ቱታዬ ከዘይት ብዛት ከግድግዳ ሲያስደግፉት ይቆማል። በቤንዚን እጃችንን ታጥበን፣ በዚያው እጅ እንጀራ ቆርሰን እንበላ ነበር። ሸጋ ዘመን ነበር ለሚለኝ ሁሉ እጁን እንዲያሸትልኝ ነው የምነግረው። አሁን ጋራዡ የስልክ መሸጫ ሆኗል፤ ባለፍሁ ቁጥር አንድም ነገር አይናፍቀኝም።

የአንድ መሥሪያ ቤት ሞተሮች እኛ ዘንድ ይጠገኑ ነበር። ከነሱ አንዱን የሚነዳው አያ ደሴ ነው። ወገራን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ ከብት ይከትባል። ረዥም፣ ቀጭን፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ በርኖስ የሚደርብ ሰው ነበር፤ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላው ያስራትና እንደታመመ ልጅ ዘወር እያለ ያያታል። ገበሬው ይወደዋል። በሬ ሲታመም በሌሊት ቢጠሩት ይሄዳል። ሞተሩ ግን ቤንዚን አይጠግብም። ሌሎቹን ሳምንት የሚያስኬድ ቤንዚን የሱ በሦስተኛው ቀን ያልቃል። ኃላፊው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ የማያውቅ ሰው፣ «ደሴ ቤንዚን እየቀዳ ይሸጣል» ብሎ ቆረጠ። ከዚያ ሞተሩን ከነደሴው ወደ እኛ ላከ፤ ይፈተሽና በጽሑፍ ይሰጠኝ አለ።

ሞተሩ የመጣ ዕለት ካንዴላውን ፈታሁት። ከሰል ነበር። የጭስ መውጫውን፣ ማርሚታውን፣ በጣቴ አበስሁት፤ ጣቴ ጠቆረ። ይህ ሞተር ደጋ ሲወጣ አየር ያጥረዋል፣ ቤንዚኑን ሳያቃጥል ይተፋል ማለት ነው። በደንብ ገብቶኝ ነበር። ሳይገባኝ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም። ካንዴላውን ግን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አጸዳሁት፤ ምስክሩን አጥቤ ከዚያ ልጠይቀው። ከዚያ ሞተሩን ለሙከራ ይዤው ወጣሁ። ወዴት? ወደ ጠዳ። ወደ ጠዳ የሚወስደው መንገድ ሜዳ ነው፣ ሙቅ ነው፣ ቅዳሜም ስለነበር ጠዳ ላይ ሰንጋ ታርዷል። ጥብስ በላሁ፣ ጠላ ደገምሁ፣ እየዘፈንሁ ተመለስሁ። ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው የሚሠራው። ካንዴላውን ሳየው የሸክላ ቀለም ይዟል፤ የጤነኛ ቀለም። በነገራችን ላይ እኛ ሜካኒኮች ሁሉ የምንሞክረው ወደ ጠዳ ነበር። የደጋ ሞተር ይሁን የቆላ ማንም አይጠይቅም፤ ሥጋው ያለው እዚያ ነዋ።

አያ ደሴ ጋራዡ በር ላይ ሲጠብቀኝ ነበር የዋለው።

«ጌታሁን፣ እዚህ ቆላ ላይማ ሸጋ ነው። ነውሩ ያለው ደጋው ላይ ነው» አለኝ። «አንድ ቀን ውጣና እየው። እኔ ቤት ታድራለህ። አንጓች ዶሮ ትሠራልሃለች።»

«ሞተር ቆላና ደጋ አይለይም አያ ደሴ።»

«እሱስ አንተ ታውቃለህ። እኔ ግን አልሰረቅሁም።»

«ሰረቅህ አላልሁም እኮ።»

«ወረቀቱ እንዲያ ይላል» አለኝ።

እውነቱን ነው። «ሞተሩ ተፈትሾ ምንም ጉድለት አልተገኘበትም» ብዬ ፈረምሁ። አምስት ቃል ናት። ኃላፊው የፈለገውን አግኝቶ ደስ አለው፣ የእኔም አለቃ ደስ አለው፣ እኔ ከአምባ ጊዮርጊስ ብርድ ዳንሁ። አያ ደሴ በወሩ ተባረረ። ሞተሩን ሌላ ሰው ተረከበው፤ አላጨሰበትም፣ ቤንዚንም አልበላበትም። በዚህ ጊዜ በልቤ ቀርታ የነበረችው ጥርጣሬ ሞተች፤ ለካስ እውነትም ሌባ ነበር አልሁ። ደስ እንዳለኝ አልክድም። በሰው ላይ ያጠፋ፣ የበደለው ሰው በእርግጥ መጥፎ ሆኖ ሲያገኘው እንዴት ያለ እረፍት እንደሚሰማው የሚያውቅ ያውቀዋል። አሁን ሳስበው ከጥብሱም ከጠላውም ከወረቀቱም ይልቅ የሚያስጠላኝ ያ እረፍት ነው።

ቅዳሜ ከቄሱ ኋላ ተፈናጥጬ ወጣን። ሞተሩ አላሳፈረኝም። ኮሶዬ ስንደርስ ነፋሱ ጆሮዬን ይቆርጠው ጀመር፤ አምባ ጊዮርጊስ ስንገባ ጣቶቼ የእኔ አልነበሩም። ዳሱ ሰፊ ነው፣ ጠበሉ ደርሶ ጸሎቱ ተደርሷል፣ እንግዳው እየበላ እየጠጣ ነው። እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁ። አጠገቤ ያሉ ሽማግሌዎች ስለ ሟቹ ሲያወሩ ሰማሁ። ከሥራ ከወጣ በኋላ ሰዉ «ደሴ ቤንዚን» ይለው ነበር አሉ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ መንደሩ ውስጥ ማጭድ ቢጠፋ የሚታየው ወደ ሱ ነው። የጽዋ ማኅበራቸው ሙሴ፣ ማለት አለቃ፣ ነበር፤ በዓመቱ ሌላ ሰው መረጡ። ማንም ምክንያቱን በግልጽ አልነገረውም፣ እሱም አልጠየቀም። በሬ ሲታመም ግን ይጠሩት ነበር፤ በእግሩ ይሄዳል። የቀረበልኝን ጠላ አንሥቼ መጠጣት አቃተኝ።

ሰዉ ሲበተን ልንነሣ ወጣን። የአያ ደሴ ሚስት እትዬ አንጓች ልትሸኘን መጣች። ጎበጥ ያለች፣ ዓይኗ ግን ስል የሆነ ሴት ናት። ሞተሩ በግቢው መሐል ነፋስ ላይ ቆሟል። አይታው ቆመች።

«ምነው ይህን ራቁቱን አቆማችሁት አባ? ይህ ብርድ እንኳን ብረት ድንጋይ ይሰነጥቃል።»

ቄሱ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ቤት ገብታ አንድ ነገር ይዛ ወጣች። ከአሮጌ ጋቢ አራት ጊዜ ታጥፎ የተሰፋ፣ እንደ ልጅ ቆብ ክብ የሆነ፣ ዙሪያውን ማሰሪያ የገባለት ነገር ነው። ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ በፍቅር የተሰፋ ነገር ያስታውቃል።

«ምንድን ነው ይህ እትዬ አንጓች?» አልሁ።

«የደሴ ሞተር ቆብ። እኔ ነኝ የሰፋሁለት። ጧት ጧት እያሳለ አልነሣ ሲለው፣ ብርድ መትቶታል አልሁት። አፉ የት ነው ብለው ይችን ቦታ አሳየኝ» ብላ ከመቀመጫው ሥር ጠቆመች። አየር የሚገባበት አፍ ነው። «እሷን ሸፈንሁለት። ከዚያ ወዲህ ብርድ ነክቶት አያውቅም።»

ከጎንደር ደባርቅ በሚሄድ አውቶቡስ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ በእትዬ አንጓች አይስቅም። እኛ አገር በሽታ ሁሉ በነፋስ ነው የሚመጣው፤ የሚወዱትን ሰው ከነፋስ መከለል ነው። እሷም ባሏ የሚወደውን ሞተር ከለለችው። አፉን በአራት እጥፍ ጋቢ ከልለው ያንን ቀጭን የደጋ አየር ጭራሽ ያሳጡት ሞተር፣ ቤንዚን ብቻ ሲጠጣና ሲተፋ ኖረ።

«ጎንደር ሲወርድስ?» አልኋት፣ መልሱን እያወቅሁት።

«ኮሶዬ ላይ አውልቆ በርኖሱ ውስጥ ይከተዋል። የከተማ ሰው ይስቅብኛል ይል ነበር። ደግሞስ ቆላው ይሞቅ የለ፣ ምን ያደርግለታል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ የሞተር ሐኪም ነህ አሉኝ። እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ደሴ ሊሞት ሲል እጄን ይዞ ቤንዚኑን አልወሰድሁም አለኝ። እኔማ ምን ጠፍቶኝ። ግን የት ገባ? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የሱ ስም ይኸው ከመቃብሩ በላይ ቤንዚን ይሸታል።»

ቤንዚኑ የገባበት ነገር በእጇ ላይ ነበር። ሊሸኙን የወጡት ጎረቤቶች ቆመው ያያሉ። እውነቱን ብናገር አያ ደሴ ነጻ ይወጣል፣ እሷ ግን ባሏን በገዛ እጇ ሰፍታ እንደጣለችው እያሰበች ትሞታለች። ዝም ብል እሷ ትድናለች፣ እሱ ሌባ ሆኖ ይቀራል። ዕድሜ ልኬን አንድም ጀግንነት አልሠራሁም፤ ያኔም አልሠራሁም። የሚበዛውን እውነት ግን ተናገርሁ።

«ሞተሩ ነው የጠጣው» አልኋት። «ደጋ ሲወጣ ይታመም ነበር። ካንዴላውን አይቻለሁ፣ ጥቁር ነበር። ያን ጊዜ ሞተሩን የመረመርሁት እኔ ነኝ። ደህና ነው ብዬ የፈረምሁትም እኔ ነኝ። ደሴ አልሰረቀም።»

እትዬ አንጓች ረዥም ጊዜ አየችኝ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ና ውጣ ብሎህ ነበር። ዶሮ አሳድሬ ጠብቄህ ነበር እኮ። ምነው ያልወጣህ?»

«ብርዱን ፈርቼ» አልሁ። ስለ ጠዳው ሥጋ ለመናገር አፌ እንቢ አለኝ።

«ለብርዱማ ጋቢ ነበረን» አለች።

ይህን ብቻ ነው ያለችው። ብትረግመኝ፣ ፊቴ ላይ ብትተፋ ይሻለኝ ነበር። ወደ ጎረቤቶቿ ዞራ «ሰማችሁ?» አለቻቸው። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቆቧን ሞተሩ አፍ ላይ አደረገችና አጥብቃ አሰረችው። እኔ ብበድል ሞተሩ ምን በደለ ያለች ይመስላል። ቄስ ሐዲስ «ኧረ እትዬ፣ ይህ እኮ...» ሊሉ ሲሉ ጎናቸውን ነካሁ።

«ዝም ይበሉ አባ። ያስነሡት።»

ተነሣ። እንደዚያው እያሳለ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋ፣ እየተንፏቀቀ ከግቢው ወጣን፤ እሷ በር ላይ ቆማ ታየናለች። ያ የሚያስጠላኝ ሽታ ፊቴን ሞላው። ባሕር ዛፎቹን አልፈን መንገዱ ሲታጠፍ ቄሱ አቆሙና ወርደው ቆቡን ፈቱት። የሞተሩ ድምፅ ወዲያው ጠራ። ሁለታችንም ቆመን ሰማነው።

«ይህ ነበር?» አሉኝ።

«ይህ ነበር።»

«እንግዲህ ይህን እንደ ንስሐ ምስጢር እይዘዋለሁ፤ ለማንም አልናገርም» አሉና ቆቡን ሰጡኝ። አሸተትሁት። የቤንዚን ሽታ የለውም፤ ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው። ሞተሩ ከደጇ ከሄደ ወዲህ ይህን ሁሉ ዓመት እያጠበች ነበር ያስቀመጠችው።

ዘንድሮም ለሁለተኛው ዓመት መታሰቢያ ወጣን። ባሕር ዛፎቹ ጋ ስንደርስ ቄሱ ሳልነግራቸው አቆሙ። ቆቡን ከኪሴ አውጥቼ ሞተሩን አፉን ሸፈንሁት፣ ማሰሪያውንም እሷ እንዳሰረችው አሰርሁት። የቀረውን መንገድ ጭሱን እየዋጥን፣ ዳገቱ ላይ እየጠፋብን እየተነሣ፣ ግቢዋ ገባን። እትዬ አንጓች በምርኩዝ ወጣች። እኔን ሳይሆን መጀመሪያ ሞተሩን ነው ያየችው። ማሰሪያውን ነካ አደረገችው።

«ብርድ አልመታውም አይደል?» አለችኝ።

«አልመታውም» አልኋት፣ እያሳለኝ።